እንደ ጎረቤት ራዲዮ

«ማልቀስ አይፈቀድም ያለሽ ማነው?»

ጥያቄው የመጣው ገርበብ ካለው በር ውስጥ ነው። ማሪት የልጇን የበረዶ ቱታ በክንዷ እንዳንጠለጠለች በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር። የምትጠይቀው ጉንቮር ናት፤ ከሕፃናት ጉዳይ ቢሮ የመጣችው ሴት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ልጅ የሚያባብል ሰው ድምፅ።

«አባባ» አለች ልጇ ቱቫ፤ አያቷን ማለቷ ነው። «እኛ ቤት ሰው አያለቅስም። ወድቄ ካላለቀስኩ ከረሜላ ይሰጠኛል።»

ከዚያ በኋላ ብዕር ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ተሰማ። ማሪት በሩን በርግዳ ገብታ፣ ቀልድ ነው እኮ፣ ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር ሲጫወት ነው፣ ልትል ፈለገች። ግን ብትቆጣ ቁጣዋም እንደሚጻፍ ታውቃለች። ስለዚህ ቱታውን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ግድግዳው ላይ የተሳለውን የዝሆን ሥዕል እያየች ቆመች። በዚህ የሰሜን ጫፍ ዝሆን መሳል የማን ሐሳብ እንደነበር እንጃ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። ቱቫ መዋለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ አንዲት መምህርት የቀኝ እግሯ ወደ ውጭ መዞሩን አየች። ካልሲዋን ብታወልቅላት ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጠቁሯል። ልጅቷ በዚያ እግር ቅዳሜና እሁድን በረዶ ላይ ስትንሸራተት ነው የከረመችው። ራጅ ስትነሳ ደግሞ ስብራቱ አንድ ብቻ አልሆነም፤ ማንም ሳያውቃቸው በራሳቸው ጊዜ የገጠሙ የቆዩ ስብራቶች ተገኙ። መዳፏ ላይ የሳውናው ምድጃ የተወው ጠባሳ አለ። ምላሷን ዳር ዳሩን የራሷ ጥርስ ቦጫጭቆታል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ ላየ ሰው ታሪኩ ያለቀለት ነው፤ ልጅቷ ትደበደባለች። ማሪት ራሷ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ብታያቸው ያንኑ ታስብ ነበር፤ አንገቷን ያስደፋትም ይኸው ነው። እንዴት አላየሽም ይሏታል። ልጅ ካላለቀሰ ማን ያያል? በነሱ ቤት የማታለቅስ ልጅ ጠንካራ ልጅ ናት፣ ለእንግዳ የምትወራ፣ የምትመሰገን። ማሪትም እንዲሁ እየተመሰገነች ነው ያደገችው።

ጉንቮር ወጥታ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ዓይኖቿ የደከሙ ናቸው፤ ክፉ ሰው አትመስልም፣ አይደለችምም።

«ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን» አለች። «ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቱቫ ሌላ ቤተሰብ ጋ ብትቆይ የሚል ሐሳብ አለ። ጥሩ ሰዎች ናቸው ማሪት።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እስኪጣራ።»

ማሪት ራሷን ነቀነቀች። የልጅቷ አባት ራግናር ባሕር ላይ፣ የኖርዌይ ዘይት ማውጫ ላይ ነው ያለው። ማዕበል ስላለ ሄሊኮፕተር አይነሳም፤ ጠዋት ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ንፋሱ ቃሉን እየነጠቀ ይወስድበት ነበር። እሱ እስኪደርስ ልጅቷ የሰው ቤት አልጋ ላይ ትተኛለች። ማታ ማታ እያገላበጠ እጅና እግሯን የሚፈትሽላት አይኖርም፤ ማሪት ራሷ እንኳ መፈተሽ እንዳለበት ያወቀችው ከሰኞ ወዲህ ነው።

የነርቭ ሐኪሟ ሶልቬይ በወር አንዴ በባሕሩ ጠረፍ ካለው ከተማ የምትመጣ ቀጭን ሴት ናት። የቱቫን ዓይን በሻርፕ ሸፍና መጀመሪያ በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ክንዷን ዳሰሰቻት። ቱቫ ተንፈቅፍቃ «ቢራቢሮ!» አለች። ቀጥላ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ቀዝቃዛ የሆኑ ሁለት የብረት ዘንጎች አስነካቻት፤ ልጅቷ ሁለቱም አንድ ናቸው አለች። በመርፌ ጫፍ ስትወጋት ደግሞ «ነካሽኝ» አለች፣ በቃ፣ ነካሽኝ ብቻ። ማሪት ከወንበሯ ብድግ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ቆዳችን ውስጥ ትንንሽ ጆሮዎች አሉ እንበል» አለች ሶልቬይ፣ ዘንጎቹን እየጠረገች። «አንዳንዶቹ መነካትን ይሰማሉ፤ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ የእናት እጅ። የነሱ ነርቭ ወፍራም ነው፣ ወሬውን ቶሎ ያደርሳል። ሙቀትና ሕመም የሚሰሙት ግን ጫፋቸው ራቁቱን ነው፣ ነርቫቸውም እንደ ክር የቀጠነ። የቱቫ ወፍራሞቹ ደህና ናቸው። ቀጫጭኖቹ ገና ማሕፀን ውስጥ እያለች ሳያድጉ የቀሩ ይመስለኛል።»

«እንግዲያው አልመታናትም።»

«እኔ አምንሻለሁ። ጉንቮር የምትፈልገው ግን የእኔን እምነት አይደለም። የደሙ ምርመራ ውጤት ሳምንታት ይፈጃል።» ትንሽ አሰበች። «ይሄ ነገር በዚህ አካባቢ በወንዝ ዳር ባሉ መንደሮች በዘር የሚሄድ ነው። ልጅ ሙሉውን የሚወርሰው ከሁለቱም ወገን ሲመጣበት ነው። ግማሹን የያዘ ሰው ሕመሙ ይደክምለታል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም፤ ዕድሜው ሲገፋ ግን መገጣጠሚያው ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ አለ? ዛሬ ባየው አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።»

የአባቷ ቁርጭምጭሚቶች ማሪት ዓይን ላይ መጡ። አብጠውና ተጣመው፣ ጫማ አልገባ ብሏቸው፣ ሰውየው ግን አንድም ቀን ወይኔ ሳይል የሚሄድባቸው ቁርጭምጭሚቶች።

አባቷ ቫልፍሪድ የሚኖሩት አሮጌው ሰፈር ውስጥ ነው። የብረት ማዕድኑ ከሥር እየተቦረቦረ ስለሄደ ከተማው ተነቅሎ ወደ ምሥራቅ እየተዛወረ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ተነሥቶ ቦታው ላይ አጥርና በረዶ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤቶች ሁሉ ወጥተዋል። ደረጃው ላይ የተቃጠለ አምፖል የሚቀይር የለም። ቫልፍሪድ አዲሱ አፓርትማ ተሰጥቷቸው፣ ቁልፉም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ እስካሁን አንድ ማንኪያ እንኳ አላሸጉም። የወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የማዕድን ድርጅቱ የሸለማቸው የናስ ሰዓት ተሰቅሏል። የማዕድን ጉድጓዱ ጣራ በተናደ ጊዜ ባልደረባቸውን ሄንሪን በጀርባቸው አዝለው፣ በተሰበረ እግር እስከ አሳንሰሩ ድረስ ስለሄዱ የተሰጣቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ስማቸው ብረቱ ቫልፍሪድ ነው። ማሪት ሱቅ ስትገባ እንኳ የብረቱ ልጅ ትባላለች።

ሐሙስ ስለሆነ እንደ አገሩ ልማድ የአተር ሾርባው ምድጃ ላይ ነው፤ ሄንሪም እንደ ሁልጊዜው ጠረጴዛው ጋ ተሰይመዋል።

«መጣች የብረቱ ልጅ!» አሉ ሄንሪ። «ነይ ፍረጂን፣ አባትሽ ሰናፍጭ ደብቆብኛል።»

«ፊትህ ነው ያለው፣ አንተ ዕውር» አሉ ቫልፍሪድ፣ የድስቱን ክዳን በባዶ እጃቸው አንሥተው ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ። «ልጅቷስ?»

ማሪት ካፖርቷን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ራጁን፣ መርፌውን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን። ከረሜላውን ስትነግራቸው አባቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሄንሪ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሐኪሟ እግርህን ማየት ትፈልጋለች፣ አባዬ።»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«አንተም ሕመም በደንብ የማይሰማህ ይመስለኛል።»

ውጭ የአፍራሾቹ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጩኸት መጥቶ ቆመ። «ይሰማኛል» አሉ ቫልፍሪድ። «ሁሉም ነገር ይሰማኛል። እችለዋለሁ እንጂ። ይልቅ ያን ድስት አውርጂው፣ ሊያር ነው።»

ማሪት የብረት ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሄንሪ ወደ ራሳቸው ሊያስጠጉት ጆሮውን ገና ሲነኩት «እናቴ ድረሽ!» ብለው ጮኹ፤ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ወንበሩን እያንኳኩ ተነሡ። «እሳት ነው እኮ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

ማሪት መዳፎቿን ገልብጣ አየች። በሁለቱም ላይ የድስቱ ጆሮ ቀይ ሆኖ ታትሟል። የምትሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ጓንት የማትፈልገው ማሪት እየተባለ የሚቀለደውን ቀልድ አስታወሰች። ቱቫን በወለደች ጊዜ አዋላጇ «እንዳንቺ ያለ ጀግና አላየሁም» ብላ ግንባሯን ስማት ነበር። ያንን ቀን ከዚያ ወዲህ ስትኮራበት ኖራለች። አሁን ከእጇ ላይ ሲሾልክ ተሰማት፤ እሱስ በደንብ ተሰማት። ሄንሪ አንዴ እሷን፣ አንዴ የአባቷን እጅ አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሾርባው መለሱ።

«አየህ?» አለች።

«ልማድ ነው» አሉ ቫልፍሪድ። «ወጥ ቤት ነው የምትሠሪው። እኔም እጄ የጉድጓድ እጅ ነው።»

«አባዬ፣ ልጄን ሊወስዷት ነው።»

«ምን በይ ነው የምትይኝ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሄንሪን አዝዬ ስወጣ አጥንቴ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቶ ነበር። እዚህ ተቀምጧል፣ ጠይቂው። አልተሰማህም ልትይኝ ነው? እንግዲያው ያን ቀን አዝሎ የወጣው ማነው?»

ማሪት ተናዳም ነበር፣ አዝናላቸውም ነበር፤ ያሸነፈው ንዴቷ ነው። «ከረሜላውን የሰጠሃት አንተ ነህ» አለች በሩ ላይ። «ሲወስዷት ደግሞ ልጅቷ አታለቅስም። አውቃለሁ።» ደረጃውን በጨለማ ወረደች።

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የቡና ፔርሙስና ማንም ያልነካው የቀረፋ ዳቦ ነበረው። በመስኮቱ የሚገባው የበረዶ ብርሃን ዓይን ይወጋል። ጉንቮር የጻፈችውን ስታነብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ግን አንዱንም አልዘለለችም። ሶልቬይ የምትጠረጥረውን ተናገረች። ማሪትም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ውሃ ቋጥረዋል፣ መቋጠራቸውን ራሷም ገና ማየቷ ነው።

«ትኩስ ድስት ነው። አልተሰማኝም» አለች። «እኔም አለብኝ ማለት ነው።»

ጉንቮር እጆቿን አየች፤ ከዚያ ፊቷን። «ጠዋት ይሄ አልነበረም፣ ማሪት» አለች ቀስ ብላ። የምትለውን ሁሉም ገባቸው። ልጇን ላለማጣት እጇን ምድጃ ላይ የምታኖር እናት ትኖራለች፤ ጉንቮር በሥራዋ አይታም ይሆናል። ማሪት እጆቿን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚህ በኋላ የምታሳየው ነገር የላትም።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ቫልፍሪድ የእሑድ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ሄንሪ በክንዳቸው ደግፈዋቸው ቆመዋል። እንደ ደንቡ ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ አውልቀዋል። ጉንቮር ሳታስበው ከወንበሯ ብድግ አለች፤ የእሷም አባት የጉድጓድ ሰው ነበሩና ብረቱ ቫልፍሪድ ማን እንደሆኑ አሳምራ ታውቃለች። ሽማግሌው ማንንም ሳያዩ ወደ ሶልቬይ ሄዱና ተቀመጡ። ካልሲያቸውን ለማውለቅ ጎንበስ ሲሉ ስላልደረሱ ሄንሪ ሳብ አድርገው አወለቁላቸው። የቱቫን ራጅ አይቶ የእሳቸውን እግር የሚያይ ሰው አንዱን ከሌላው ጋር ለማገናኘት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም ነበር።

«የጉድጓድ እግር ነው ሊባል ይችላል» አለች ጉንቮር። «የእኔ አባት ጉልበቶችም እንዲሁ ፈርሰው ነበር።»

ሶልቬይ መሣሪያዋን አመጣች። ቅልጥማቸው ላይ ቀስ በቀስ የሚግል ትንሽ ሳህን አሰረችና ቁልፍ አስጨበጠቻቸው። «ማመም ሲጀምርዎት ይጫኑት» አለች። ማሽኑ ድምፁን ከፍ እያደረገ ሄደ። ቫልፍሪድ መስኮቱን እያዩ ተቀምጠዋል። ሳህኑ ከዚያ በላይ እንዳይግል ተደርጎ የተሠራበት ልክ ላይ ደርሶ በራሱ ጠፋ። አውራ ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም።

«ይሄ ምን ያሳያል?» አለች ጉንቮር።

ሶልቬይ ሳህኑን ፈታች። «ብቻውን ምንም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ ከተማ ቁልፉን የሚጫን ሽማግሌ ገጥሞኝ አያውቅም። ቆዳቸው ይቃጠላል እንጂ አይጫኑም። መሣሪያው የማይሰማውን ሰው ከሚችለው ሰው አይለይም።» ወደ ቫልፍሪድ ዞረች። «ሊነግሩኝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እየቻሉት ነው ወይስ አይሰማዎትም?»

ማሪት አባቷን አየች። በዕድሜያቸው ሙሉ ማንም ይህን ጠይቋቸው አያውቅም። ሄንሪ ከኋላቸው ካልሲውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። በዚህ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቫልፍሪድ፣ የናሱ ሰዓት፣ ሱቅ ውስጥ ተራ የሚለቀቅላቸው ሽማግሌ፣ ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ ነበር። ማሪት በልቧ ይቅርብህ አባዬ ልትል ትንሽ ቀራት። አላለችም፤ ልጇ ናትና።

«ምንም እየቻልኩ አይደለም» አሉ ቫልፍሪድ።

ጉንቮር ብዕሯን አነሣች፣ ግን አልጻፈችም።

«ችዬም አላውቅም። የሆነ ነገር አለ፣ አለ። እንደ ጎረቤት ራዲዮ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ይናገራል፣ ምን እንደሚል አይሰማኝም። ሌላው ሰው የሚሰማው ይኸው መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ሰዎች ሲጮኹ ሰነፎች መስለውኝ ነበር።» ትንሽ አረፉ። «ያን ቀን እግሬ መሰበሩን ያወቅሁት ነርሷ ስትጮህ ነው። እኔ ቦት ጫማዬ ውሃ የገባበት መስሎኝ ነበር። ይህን ደግሞ ማንም ይችለዋል።»

ሄንሪ ወደ መሬት አዩ።

«ልጅቷን ማንም አልመታትም» አሉ ሽማግሌው። «ከረሜላውን እኔ ነኝ የሰጠኋት። ከእኔ የባሰ እንዳለባት አላወቅሁም። ጀግንነት መስሎኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው የቢሮ ሥራ ነው። ሶልቬይ ምስክርነቷን ልትጽፍ ተቀመጠች፤ የሁለቱንም እጅና እግር፣ የእናትንም የአያትንም፣ አንድ በአንድ መረመረች። ጉንቮር ወጥታ ስልክ ደወለችና ስትመለስ ቱቫ ዛሬ ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትችል ተናገረች። ጉንቮር በየሳምንቱ እየመጣች ታያታለች፤ ማታ ማታ ልጅቷን ከራስ እስከ እግር የመፈተሹን ነገር አብረው ይማሩታል። ማሪትን አልፋ ስትወጣ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

ቱቫን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧት፤ እግሯ በጄሶ ታስሮ፣ የሐኪሟን ብሩሽ እንደያዘች። ሄንሪ ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ለቫልፍሪድ ካልሲ እያለበሱ ነበር። አንዱን አጥልቀውላቸዋል። የተጣመመውን ተረከዝ በመዳፋቸው ደግፈው ካልሲውን እንዳይሸበሸብ ቀስ አድርገው ይስቡታል። ቫልፍሪድ የጓደኛቸውን ራሰ በራ ከላይ እያዩ ነበር።

«አባባ፣ ዓይንህ ውሃ ሆኗል» አለች ቱቫ።

«አዎ።»

«አሞህ ነው?»

«አዎ» አሉ ቫልፍሪድ።

«የት ጋ?» ጠዋት ሙሉ ሐኪሟ ስትጠይቃት እንደዋለችው አድርጋ ጠየቀች፤ ብሩሹን ቀጥ አድርጋ ይዛ።

እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደች፣ ወደ ጉሮሯቸው ሄደች፣ ተመልሳ ጉልበታቸው ላይ ወረደች። «አላውቅም» አሉ። «እስቲ አንቺ ፈልጊልኝ።»

ቱቫ ወንበሯን አስጠግታ ካልሲ ካላጠለቀው እግር ጀመረች። ብሩሹን ከጣታቸው ወደ ላይ በዝግታ እየሳበች «እዚህ ጋ?» አለች። አይደለም አሉ። «እዚህስ?» አይደለም። ሄንሪ ሁለተኛውን ካልሲ በእጃቸው ይዘው ጠበቁ። ማሪት መኪናውን የማሞቅ ሐሳብ ነበራት፤ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ተመልሳ ከተተችው።

«አያምም እንጂ ብሩሹ ይሰማኛል» አሉ ቫልፍሪድ። «ቀጥዪ።»